አሮጌው ባትሪ በምን ሞተ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጋደሙ ትናንሽ የሶላር ፓኔሎች ብርቅ መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ ለዘለቀ ሰው ደግሞ ፓኔሏ የብዙ ቤት ብቸኛ የመብራት ምንጭ ናት። ኩራዙን ያስጣለች፣ የላምባ ወጪ ያስቀረች፣ ስልክ ለማስሞላት የገበያ ቀን መጠበቅን ያስረሳች እሷ ናት። በአግባቡ ከተያዘች 20 እና 25 ዓመት ታገለግላለች። ኤልኢዲ አምፖሎቹም ለዓመታት አይቸገሩም።

ባትሪው ግን እንዲህ አይደለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ሳይሞላው፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያበራ የነበረው ቤት 2 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ብሩን ቋጥሮ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ባለመደብሩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት አምፔር ልስጥህ?» የሚል ነው፤ ገዢው የሚጠይቀው ደግሞ «ስንት ነው?» የሚል። ከሁለቱም መቅደም የነበረበት ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፤ አሮጌው በምን ሞተ?

የሶላር ባትሪ በዕድሜ ብቻ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ነገር አለ፤ ያ ነገር ጣሪያው ላይ፣ ሽቦው ውስጥ ወይም በቤቱ አጠቃቀም ውስጥ ሳይነካ ከቆየ አዲሱንም በዚያው መንገድ ይገድለዋል። ስለዚህ የባትሪ ምርጫ የሚጀምረው ከመደብሩ ሳይሆን ከቤት ነው።

ውስጡ ምን ይሆናል?

ተመላልሶ የሚሞላ ባትሪን መጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1859። ዛሬ ጎንደር የሚሸጠው የአሲድ ባትሪ በመሠረቱ ያው ነው። ከእርሳስና ከእርሳስ ዳይኦክሳይድ የተሠሩ ዝርጎች በውኃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መብራት ሲበራ በአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ ዝርጎቹ ሄዶ ይለጠፋል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ወደ ውኃነት ይጠጋል። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ቻርጅ ሲገባ ሰልፌቱ ከዝርጎቹ ለቅቆ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። ባትሪው «ሞላ» ማለት ሰልፌቱ ሁሉ ተመለሰ ማለት ነው።

ችግሩ ሰልፌቱ ሳይመለስ ሲያድር፣ ሲሰነብትና ሲከርም ነው። ለአንድ ሌሊት ከሆነ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል። ለሳምንታት ከቆየ ግን ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ቻርጅ አይፈታውም። የተሸፈነው የዝርጉ ክፍል ከሥራ ውጪ ይሆናል። እንዲህ ያለ ባትሪ አንድ የታወቀ ምልክት አለው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ የባትሪውን አሞላልና አጠቃቀም የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር «ሞልቷል» ይላል፣ ማታ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ቶሎ የሞላው የመያዣው መጠን ስለጠበበ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፓኔሉማ ጎበዝ ነው፣ ባትሪው ነው ሰነፍ» ይላል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪውን ለዚህ ያበቃው ፓኔሉ ለወራት በበቂ ሳይሞላው መክረሙ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው

ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ ነው። ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ በሚሸጥባቸው ሱቆች ሁሉ ይገኛል፤ ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ከቁጥር አይገባም። ባትሪው ከፓኔሉም ከመብራቱም ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለካል። ባለ 12 ቮልቱ የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ያህል፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ያህል ያሳያል፤ 11.9 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶት 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ከሆነ በውስጡ ካሉት ስድስት ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ከ12.6 ላይ አንዱ ሲቀነስ የሚቀረው ያ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ለማዳን መድከም ትርፍ የለውም።

ከዚያ ወደ ምክንያቱ ይታለፋል። ኮንትሮለሩ ላይ «ሙሉ» የሚለው ምልክት ለሳምንታት ታይቶ የማያውቅ ከሆነ ፓኔሉ አንሷል፣ አቧራ ለብሷል፣ የባሕር ዛፍ ጥላ አርፎበታል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። የባትሪው ገላ ካበጠ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም ኮንትሮለሩ ለሌላ ዓይነት ባትሪ ተስተካክሏል። ክዳኑ የሚከፈተው ባትሪ ዝርጎቹ ከፈሳሹ በላይ ደርቀው ከታዩ ውኃ ሳይጨመርለት ከርሟል ማለት ነው። የተጨመረው የምንጭ ወይም የቧንቧ ውኃ ከሆነም በውስጡ ያለው ማዕድን ዝርጎቹን ይጎዳል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብም ዚንክና ዝገት ይዞ ይገባል። የሚጨመረው የተጣራው የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። «እንዲነቃ» ተብሎ አሲድ መጨመር የቀረውን ዝርግ በቶሎ ይበላዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ኮንትሮለሩን መዝለል ነው። ኮንትሮለሩ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መብራቱን የሚያጠፋው ባትሪውን ሊያተርፈው ብሎ ነው። ዜና መሐል ላይ ሲጠፋበት የተበሳጨ ሰው ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ላይ ይቀጥለዋል። ያች ሽቦ ዝርጎቹ እስከ መጨረሻው እንዲራቆቱ ትፈቅዳለች፤ በዚህ መንገድ ጥሩ ባትሪ በጥቂት ወራት ይሞታል።

የምሽቱ ሒሳብ

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ቤቱ በእውነት ስንት እንደሚያስፈልገው ማስላት ነው። ሒሳቡ ከአራቱ መደብ አያልፍም፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛል።

አንድ የደጋ ቤተሰብ እንውሰድ። ሦስት ባለ 3 ዋት አምፖሎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢበሩ 36 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሁለት ስልክ መሙላት 20 ያህል ይወስዳል። ባለ 3 ዋት ሬዲዮ ለ4 ሰዓት 12፣ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 60። ድምሩ በቀን 128 ዋት ሰዓት ነው።

ፀሐይ በደንብ ባልወጣችበት ቀንም ቤቱ እንዳይጨልም ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ይያዝ፤ 260 ገደማ። የአሲድ ባትሪ እንዲበረክት ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ 520 ዋት ሰዓት የሚይዝ ያስፈልጋል። በ12 ሲካፈል 43 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባትሪው እያረጀ ስለሚቀንስ ጥቂት ትርፍ ሲጨመርበት ከ50 እስከ 60 ያለው ይበቃዋል። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ 80 በመቶውን ያለሥጋት መጠቀም ስለሚቻል 30 አምፔር ሰዓት ያው ሥራ ይሠራል።

ሒሳቡን የሚያበላሽ አንድ ዕቃ አለ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ መደበኛው የመስመር ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር። ምንም ሳይሰካበት እንኳ በርቶ ሲያድር ትንሹ 5 ዋት ያህል ይበላል። 5 ዋት በ24 ሰዓት ሲባዛ 120 ነው። ቤተሰቡ ሌሊቱን ካበራው፣ ካዳመጠውና ካየው ሁሉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በ12 ቮልት የሚሠራ ቴሌቪዥንና የመኪና ዓይነት የስልክ ቻርጀር ያለው ቤት ኢንቨርተሩን ቢተወው ባትሪው ይተርፋል።

ክረምቱን ያላሰበ ባትሪ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሎ መስቀል ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። ፈተናው ደመናው ነው። ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ የምትሆንበት ነሐሴ ሰማዩ የሚሸፈንበት ወርም ነው።

ከላይ ያየነው ቤት ባለ 50 ዋት ፓኔል አለው እንበል። በበጋ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በሽቦ፣ በሙቀትና በባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ 175 ገደማ ይደርሰዋል። ቤቱ የሚፈልገው 128 ስለሆነ ይተርፈዋል። ደመናው የፀሐዩን ግማሽ ቢወስድ ግን የሚገባው 87 ብቻ ነው። በየቀኑ 41 ይጎድላል ማለት ነው። ባለ 50 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ ያለጉዳት የሚሰጠው 300 ዋት ሰዓት ስለሆነ በሳምንቱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሐምሌንና ነሐሴን ግማሹ እንኳ ሳይሞላ ይከርማል፤ ሰልፌቱም ይጠጥራል። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ትመለሳለች፣ ባትሪው ግን አይመለስም። «ባትሪው በክረምት ደህና ነበር፣ በመስቀል ነው የሞተ» የሚለው ሰው የሞተበትን ቀን አልሳተውም፤ የታመመበትን ወር ነው የሳተው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «እንግዲያውስ 100 አምፔር ልግዛ» የሚል ነው። ትልቁ ባትሪ ባዶ የሚሆንበትን ቀን በአንድ ሳምንት ያዘገየዋል እንጂ ጉድለቱን አይሞላም። ያው ትንሽ ፓኔል እሱን ለመሙላት ደግሞ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ሁለተኛ ፓኔል መጨመር ነው፤ ባትሪ ደጋግሞ እስኪቀየር ድረስ ፓኔል ስለሚቆይ ገንዘቡ አይባክንም። ኮንትሮለሩ ግን የሁለቱን ፓኔል አምፔር መቻሉ አስቀድሞ ይታይ። ሁለተኛው አጠቃቀሙን ለክረምቱ ማሳጠር ነው። ከላይ ባለው ቤት ቴሌቪዥኑ ብቻ ቢቀር የቀኑ ፍላጎት ወደ 68 ይወርዳል፤ 87 ለሚገባው ቤት ይህ በቂ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሰኔና ሐምሌ ላይ አምፖሉን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋበት ምክንያት በዚህ ይገኛል።

ገበያው ላይ ያሉት

የመጀመሪያው የመኪና ባትሪ ነው። በየቦታው ስለሚገኝና ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው እሱን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው በመኪናው ጄኔሬተር እንዲሞላ። ለዚህ ሲባል ዝርጎቹ ስስና ብዙ ናቸው። የመኪና ባትሪ ለጉግስ የሰለጠነ ፈረስ ነው፤ ሶላር የሚፈልገው ግን ጭነት ይዞ የሊማሊሞን ዳገት ቀስ ብሎ የሚወጣ በቅሎ ነው። በየምሽቱ እስከ ግማሽ ሲራቆት ስሱ ዝርግ ይረግፋል።

ሁለተኛው ወፍራም ዝርግ ያለው፣ ውኃ የሚጨመርበት የሶላር ባትሪ ነው። ተንከባካቢ ካገኘ ይበረክታል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይጠይቃል፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣም አየር በሚገባበት ቦታ እንጂ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥም።

ሦስተኛው ሰው «ደረቅ ባትሪ» የሚለው የታሸገ ባትሪ ነው። ጄል የሚባለው አሲዱ የረጋ፣ ኤጂኤም የሚባለው አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ የተመጠጠ ነው። ውኃ አይጠይቅም፣ ቢጋደምም አይፈስም። ከአስፋልቱ ወርዶ በበቅሎ ጀርባ ግማሽ ቀን ለሚጓዝ ባትሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ከልክ ያለፈ ቻርጅ አይወድም፤ ያጣው ውኃ አይተካለትም። ጄል 14.1 ቮልት አካባቢ፣ ኤጂኤም 14.4 አካባቢ ሲደርስ ሊቆም ይገባል፤ ስለዚህ ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪው ዓይነት በትክክል መመረጥ አለበት።

አራተኛው ሊቲየም፣ በሙሉ ስሙ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉድኢናፍ ቡድን የተገኘ ነው፤ ጉድኢናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦች ጋር ተጋርተዋል። ሰልፌት የሚባል ነገር የለበትም። ለክረምት ደጋ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ሆኖ ቢከርምም አይታመምም። ክብደቱም ያንሳል፤ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ባለ 50 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ የሚተካው ባለ 30 ሊቲየም 4 ኪሎ አይሞላም። ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት ይጠብቀዋል። ቢኤምኤስ የሌለው ሊቲየም በምንም ዋጋ አይገዛ። ሊቲየም የማይቀበል አሮጌ ኮንትሮለር ያለውም ሰው ሒሳቡ ውስጥ አዲስ ኮንትሮለር ያስገባ።

ትናንሾቹ የሶላር ፋኖሶችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው 3.2 ቮልት የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ነው፤ የስልክና የላፕቶፕ ዓይነቱ ደግሞ 3.7 ነው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ጠጋኙ ያገኘውን ይተክላል። 3.7ቱ በ3.2 ፋኖስ ውስጥ በደንብ አይሞላም፤ 3.2ቱ በ3.7 ቻርጀር ላይ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ተሞልቶ ያብጣል። ቁጥሩን ሳያነቡ መተካት አይገባም።

ዋጋውን በዕድሜው ማካፈል

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የዛሬውን ዋጋ እዚህ መጻፍ ለነገ አይጠቅምም። የማይለወጠው የማነጻጸሪያው መንገድ ነው።

ሦስት ባትሪዎችን እናስቀምጥ፤ ባለ 50 የመኪና፣ ባለ 50 የሶላር አሲድ፣ ባለ 30 ሊቲየም። ሦስቱም በአንድ ሌሊት 300 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። ልዩነቱ ስንት ሌሊት የሚለው ነው። የመኪናው በየምሽቱ እስከ ግማሽ ቢራቆት 150 ሌሊት ከሠራ ጥሩ ነው እንበል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ማለት ነው። የሶላሩ 600፣ ሊቲየሙ 2,500 ቢሠሩ፣ በዕድሜያቸው የሚሰጡት በቅደም ተከተል 45፣ 180 እና 750 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የሶላሩ ባትሪ ከመኪናው እስከ አራት እጥፍ ቢወደድ እንኳ አልተወደደም። ሊቲየሙም ከሶላሩ አሲድ አራት እጥፍ እስካልደረሰ ድረስ በዕድሜው ይረክሳል። በየምሽቱ ከግማሽ በታች ለሚጠቀም ቤት ሁሉም ከዚህ በላይ ይቆያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ይቀጥላል።

ሊቲየም ለሁሉም ቤት ነው ማለት አይደለም። በእጁ ያለው ብር ለጥሩ አሲድ ባትሪ ብቻ የሚበቃ ሰው ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ሊቲየም ከሚገዛ ጥሩውን አሲድ ገዝቶ ቢንከባከበው ይሻለዋል።

ደጋና ቆላ

ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች። ይህ ልዩነት ለባትሪ ትልቅ ነገር ነው። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የደጋ ሰው ባትሪ በዚህ በኩል የታደለ ነው። ጎንደር ላይ የተረጋገጠ ባትሪ ወደ መተማ ቢወሰድ ያን ያህል ላይቆይ ይችላል።

ብርዱም ዋጋ ይጠይቃል። ዜሮ ዲግሪ ላይ የአሲድ ባትሪ የሚሰጠው ኃይል ከሞቃቱ ጊዜ አምስተኛ ያህሉ ይቀንሳል፤ በስሜን ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ይህን በሒሳቡ ይያዝ። ሊቲየም ደግሞ ከዜሮ በታች ሆኖ ፈጽሞ መሞላት የለበትም፤ በዚያ ቅዝቃዜ ቻርጅ ሲገባበት ውስጡ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጥሩ ቢኤምኤስ ይህን ራሱ ይከለክላል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ባትሪው ደጅ ወይም ጣሪያ ሥር ሳይሆን ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ አየር በሚገባበት፣ ከምድጃው ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በመደብሩ ፊት

በጎንደር ቅዳሜ ገበያም ይሁን አራዳ፣ መደብር የገባ ሰው ሦስት ነገር ያስደርግ። መጀመሪያ በቴስተር ያስለካ። አዲስ የተባለ የአሲድ ባትሪ ከ12.4 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ተቀምጧል፤ በሽታው እዚያው ጀምሯል። ሁለተኛ ያንሳው። እርሳስ ከባድ ነው፤ 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ደረቅ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ መመዘን ሲገባው 18 ኪሎ ከሆነ ጽሑፉ ነው 100 የሆነው። ሦስተኛ ገላው ላይ ያለውን ቁጥር ያስነብብ። አምፔር ሰዓቱ በ20 ሰዓት ነው የተለካው ወይስ በ100 ሰዓት? በ100 ሰዓት የተለካው ቁጥሩ ይጋነናል። የተመረተበት ወር፣ የዋስትናው ጊዜና ደረሰኙም ያኔውኑ ይያዙ፤ ደረሰኝ የሌለው ዋስትና ወሬ ነው።

«አሮጌው ገና ጥቂት ጉልበት አለው፣ ከአዲሱ ጋር ይቀጠልልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አዲሱን ወደ አሮጌው ዕድሜ ይጎትተዋል፤ ደካማው የጠንካራውን ቻርጅ ሲስብ ያድራል። ሁለት ባትሪ የሚቀጥል ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ይግዛ።

ሽቦም ከባትሪው ጋር ይታሰብ። 10 ሜትር ርቀት ላይ 5 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲሄድ በደርሶ መልሱ 1.2 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 12.2 እያለ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው 11 ነው፤ ይጠፋል፣ ባትሪውም ያለጥፋቱ ይከሰሳል። በ4 ካሬ ሽቦ ግን የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ከባትሪው ፕላስ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ሁለቱ ጫፍ በስህተት ቢገናኙ ትንሹ ባትሪ እንኳ ሽቦ አቅልጦ ቤት ማቃጠል ይችላል።

አሮጌው የት ይሂድ?

የሞተ የአሲድ ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ አለው። ቆራሌው በደስታ ይገዛዋል። ነገር ግን አሲዱን በአጥር ሥር ማፍሰስ፣ እርሳሱን ግቢ ውስጥ ማቅለጥ የልጅ ጤና ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመታወቁን ይናገራል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ባትሪው ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይፈስ፣ በሙሉነቱ ይሸጥ ወይም አዲሱ ለሚገዛበት መደብር በልዋጭ ይሰጥ።

የሚቀጥለው ባትሪ

ይህ ችግር የገበሬው ቤት ብቻ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት በአፍሪካ የገጠር ጤና ተቋማት የክትባት ፍሪጆች በሶላርና በባትሪ ይሠሩ ነበር። ፍሪጁ ደህና እያለ፣ ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ሲሞት የመተኪያ በጀት ስላልተያዘለት ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ። በመጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባትሪ ወደማያስፈልጋቸው፣ ቀን በፀሐይ በረዶ ሠርተው ሌሊት በዚያው በረዶ ወደሚቀዘቅዙ ፍሪጆች ፊታቸውን አዞሩ። ከባትሪው ኬሚስትሪ ይልቅ ያሸነፋቸው ያልተያዘለት በጀት ነበር።

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በሶላር መብራት ስትታወቅ ከፓኔሉ ጋር ሁለት ነገር አብሮ ታስቦ ነበር፤ እዚያው የሰለጠኑ ጠጋኞችና ለጥገና የሚውል ወርሃዊ ክፍያ። በጎንደር ደጋ ያለ ባለቤት ይህን በራሱ ቤት ሊያደርገው ይችላል። አዲሱ ባትሪ በተገጠመ ቀን ቀኑን በቀለም ገላው ላይ ይጻፍበት። ከዚያ ዋጋው ይቆያል ተብሎ በሚታሰበው ወር ብዛት ይካፈል፤ የሦስት ዓመት ባትሪ ከሆነ በ36። ያች ድርሻ ብቻዋን ስትቀመጥ ስለምትነካካ፣ ሶላር ያላቸው ጎረቤቶች አንድ ዕቁብ ቢጥሉ ዕጣው ለደረሰው ባትሪ ይገዛል። ቴስተሩም የጋራ ይሆናል። ዳባት ወይም ደባርቅ ካለ ነጋዴ ብዙ ባትሪ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ቡድን ደግሞ ደረሰኝና ዋስትና የመጠየቅ ጉልበት ከብቸኛው ገዢ ይበልጥ አለው።

እንዲህ ያዘጋጀ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ጎንደር ሲወርድ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። አሮጌው ስንት ዓመት እንደሠራ፣ በየትኛው ወር እንደደከመና በምን እንደሞተ ያውቃል። ባለመደብሩም ስንት አምፔር ሊሸጥለት እንደሚገባ የሚሰማው ከእሱ አፍ ይሆናል።